በእኔ እጅ የተጻፈ የሰው ጥፋት

ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። መዝገብ ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ በዳሞታ ተራራ በኩል፣ ለብቻው የቆመ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። በአንዱ ክፍል እኔና ፋይሎቼ፣ በሌላው ታይፒስቷና የጽሕፈት መኪናዋ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ በኖራ የተቀባ ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው በኋላ በጣቴ እየዳበስኩ ከወለል እስከ ጣሪያ ስለፈለግኩ ነው።

በበልግም በክረምትም ጉሙ ከዳሞታ ወርዶ በቀትር ግቢውን ይሞላዋል። ዋናው ቢሮ ይጠፋል፣ የባንዲራው ምሰሶ ይጠፋል፣ ከበሩ ሦስት እርምጃ የራቀ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ሰው ሲመጣ ኮቴው ብቻ ይሰማል፤ ፊቱ የሚታየው ደፍ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ደንግጬ ብዕር ከእጄ እንደወደቀ አልቆጠርኩትም። ጉሙን ያነሳሁት ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ያደረግኩትን በጠራራ ፀሐይም አድርጌዋለሁ።

በዚያ ዘመን ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። የኖረበት ሰው ቃሉን ሲሰማ ዛሬም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰብና አንድ በአንድ እየተነሣን ጥፋታችን ይነበብልናል። የተነበበለት ሰው እንደቆመ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ «አዎ፣ ይህ ድክመት አለብኝ፣ አሻሽላለሁ» ይላል። ሂሱን ዋጠ ይባልለታል። ያልዋጠ ሰው ደግሞ እስኪውጥ ድረስ ቆሞ ይውላል።

የእኛ መሥሪያ ቤት ሠላሳ የማንሞላ ሰዎች ስለነበርን ፊት ለፊት መነጋገሩ ጠብ አመጣ። ጠዋት የገመገምከው ሰው ከሰዓት በኋላ አበል የሚፈርምልህ ሰው ነው፤ እሑድም ቸርች አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ ኃላፊያችን አንድ ዘዴ አመጡ። ሁሉም ስለ ሁሉም በወረቀት ይጽፋል፣ ስሙን አያሰፍርም፣ በፖስታ አሽጎ መዝገብ ቤት ባለው የእንጨት ሣጥን ይጨምራል። የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ያሳብቃል፤ ሠላሳ ሰው ባለበት ቢሮ ማን «መ»ን እንዴት እንደሚያጎብጥ ሁሉም ያውቃል። እንግዲያው ሁሉንም በአንድ እጅ የሚገለብጥ ሰው ያስፈልጋል። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበርና እኔ ተመረጥኩ። ዋናዎቹ ወረቀቶች ከተገለበጡ በኋላ ከሽንት ቤቱ ጀርባ እንዲቃጠሉ ተወሰነ።

ፖስታው ሲከፈት ሦስት የኮሚቴ አባላት አብረውኝ እንዲቀመጡ ነበር ደንቡ። በመጀመሪያው ጊዜ ተቀመጡ። በሁለተኛው ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ቀሩ። በሦስተኛው «አንቺ የጌታ ልጅ ነሽ፣ እናምንሻለን» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

እንደዚህ ሆኜ ለአራት ዓመት ያህል የዚያን ቢሮ ሰው ሁሉ ሆድ አነበብኩ። በሰው ሆድ ውስጥ መመላለስ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስም አንድ ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሰው ስለ ሌላው ሲጽፍ የሚጽፈው ስለ ራሱ ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሁሉንም በሌብነት ይጠረጥራል፤ ቆይቶ ሁለት ጎማ ጎደለበት። ከሁሉም ቀድሞ የሚወጣው ሾፌር በእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ላይ «ሰዓት አያከብርም» ይላል። ሦስት አራት ጊዜ ገጠመልኝና ሕግ አደረግኩት። ፖስታ ስከፍት መጀመሪያ ማን እንደጻፈው ከእጅ ጽሑፉ እለያለሁ፣ ከዚያ የጻፈውን መልሼ ለራሱ አለብሰዋለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰውን ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ እንደሆንኩ እያሰብኩ፣ ምሳዬን የተቀቀለ ቦይና፣ የአገራችንን ጎደሬ፣ በዳጣ በርበሬ እያጣቀስኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ይህን ሕግ በራሴ ላይ ልሞክረው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

አንድ ሌላ ነገርም አደርግ ነበር። ስለ እኔ የተጻፈ መጥፎ ነገር ካገኘሁ አልገለብጠውም። ብዙ አልነበረም፤ «ሐሜት ታዳምጣለች»፣ «ለባለ ሥልጣን ትሽቆጠቆጣለች» ዓይነት ነው። እሱን ብቻ ነጥዬ ወደ እሳቱ። አዳራሽ ውስጥ ተራዬ ሲደርስ የሚነበበው «ታታሪ ናት፣ ሥነ ምግባር አላት» ብቻ ይሆናል። ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ።

በአራተኛው ዓመት አዲስ ታይፒስት መጣች። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከቦምቤ የተዛወረች ሴት ነበረች። ዝውውሩን ለምና ለምና ያገኘችው ለእናቷ ስትል ነው። እናቷ እግሯ ላይ የማይድን ቁስል ነበረባትና በየሳምንቱ ሁለት ቀን ሶዶ ሆስፒታል ታስጠርጋለች። ይህን በመጀመሪያው ቀን ለሁላችንም ነገረችን። «ሌላ ነገር አልፈልግም፤ እናቴ እግሯ እንዳይቆረጥ ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስትናገር አልሰማኋትም።

ጽሕፈቷ ግን ይሰማ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ቀኑን ሙሉ ጠጠጠጠ ይላል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ለመድኩት። ከዚያ የክረምቱ ግምገማ ደረሰ፣ ሣጥኑ ሞላ፣ በሬን ከውስጥ ቆልፌ የመጀመሪያውን ፖስታ ቀደድኩ። የጽሕፈት መኪናው ጸጥ አለ።

ወረቀት ጨርሳ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም። ፖስታውን አስቀምጬ መዝገብ ማገላበጥ ስጀምር ጠጠጠጠ ብሎ ቀጠለ። ሌላ ፖስታ ቀደድኩ፤ ቆመ። ዕለቱ ጉም ነበር፣ በመስኮቱ ከነጭ ነገር በቀር የሚታይ የለም፣ ከግቢው አንዳች ድምፅ አይመጣም። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ እንደተቀመጠ በቆዳዬ ይታወቀኝ ነበር። እንደገና ሞከርኩ። መዝገብ ሳነሣ ትጽፋለች፣ ፖስታ ስቀድ ታቆማለች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መኪናዋ ላይ ነጭ ወረቀት እንደተጠቀለለ፣ ግድግዳውን እያየች ተቀምጣለች።

«ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ» አለች። ከዚያ በእርጋታ፣ «ዘንድሮ ብዙ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምኑ ብዙ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በሩን ዘግቼ ተመለስኩ።

የእሷን ፖስታ ያገኘሁት በዚያው ቀን ነው። እጅ ጽሑፏን ባላውቀውም ቀሪው ሁሉ የማውቀው ስለነበር ለየሁት። ስለ እያንዳንዱ ሰው የጻፈችው አጭር ነው። ስለ ንብረት ክፍሉ፣ «ልጆቹ ያሳስቡታል።» ስለ ሾፌሩ፣ «ደክሞታል።» ስለ ኃላፊያችን፣ «የሚያማክረው ሰው የለውም።» እንዲህ ያለ ግምገማ አይቼ አላውቅም፤ ሴትዮዋ ግምገማ ምን እንደሆነ አልገባትም ብዬ ሳቅሁ። መጨረሻ ላይ የእኔ ነበረ። አንዲት ቃል ናት።

«ትፈራለች።»

ሳቄ ጠፋ። ደግሜ ደጋግሜ አየኋት። ስድብ አይደለም፣ ክስ አይደለም፤ ግን ከዚያ በፊት ካቃጠልኳቸው ሁሉ ይልቅ ይህችን ልቀዳት አልቻልኩም። ሕጌ ትዝ አለኝና ተንፈስ አልኩ። የጻፈችው ስለ ራሷ ነው፤ የምትፈራው እሷ ናት። የምትፈራ ሰው ደግሞ የምትደብቀው ነገር አላት። ግድግዳ እያየች የምትውል፣ የእኔን እጅ እንቅስቃሴ የምትከታተል ሴት ንጹሕ አይደለችም። ወረቀቷን አጣጥፌ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰድኩት። እርጥብ ስለነበር ቶሎ አልነደደም፤ ቃሏ እስክትጠቁር ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ ግምገማ በኋላ ሾፌሩ ንብረት ክፍሉን ግቢ ውስጥ አንገቱን አነቀው። «ሌባ ብለህ የጻፍክብኝ አንተ ነህ» አለው። እንዴት አወቀ? ከእኔ ነው የሰማው። ፈልጌ የነገርኩት አይደለም፤ ወሬ በወሬ ላይ ሲነሣ «አንዳንዱ ሰው ከራሱ እጅ በላይ የአንተን እጅ ይጠረጥራል» ብዬ ወደ ንብረት ክፍሉ በዓይኔ ጠቆምኩት፤ በቃ ገባው። ኃላፊያችን ግን ተቆጡ። «ሳይፈቀድለት ፖስታ የሚከፍት ሰው አለ። በሚቀጥለው ግምገማ ይህ ሰው ይወጣል» ሲሉ አዳራሹ ውስጥ ዓይናቸው በሁላችንም ላይ ዞረ። እኔ ላይ ሲደርስ ፈገግ አሉልኝ። ያ ፈገግታ እንቅልፍ ነሳኝ።

በሚቀጥለው ግምገማ እንደ ሁሉም ሰው ስለ ሁሉም ጻፍኩ። ስለ ታይፒስቷ ስደርስ ብዕሬ ራሱ ሄደ። «የማያገባትን የሰው ወረቀት ታነባለች። የሰው ምስጢር ትሰርቃለች፣ ታወጣለች። ሰው ሲያያት ጨዋ ናት፣ ብቻዋን ስትሆን ሌላ ናት። የምታውቀው ነገር ከሰው በላይ ያደረጋት ይመስላታል።» ጽፌ ሳበቃ አመንኩት። ውሸት ጻፍኩ የሚል ስሜት አልነበረኝም፤ እንዲያውም ሰውን እንዲህ በትክክል የገለጽኩበት ጊዜ የለም ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ራሴ የጻፍኩትን ራሴ ገለበጥኩት፤ ዋናውን አቃጠልኩ። ያኔ ከግድግዳው ማዶ ጽሕፈቱ ቆሞ ነበር።

የግምገማው ቀን በቀትር ጉሙ ወርዶ አዳራሹ ጨለመ፤ መብራት አልነበረም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ከፊት ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ኃላፊያችን ስለ ታይፒስቷ የተጻፈውን ወረቀት ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡት። አንብበው ሲያበቁ አዳራሹ በሙሉ አንዴ ተነፈሰ። ጥፋተኛው ተገኘ፤ እኛ ዳንን የሚል ትንፋሽ ነበር። ታይፒስት ተቆልፎ ያለ ሣጥን ከየት ታገኛለች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

«ምን ትያለሽ?» አሏት።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። እክዳለሁ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ከካደች ነገሩ ይመረመራል፣ ሣጥኑ ይመጣል፣ ቁልፉ ይመጣል።

«እውነት ነው» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ወላይትኛዋ የሚሰማበት አማርኛ። «እኔ የሰው ወረቀት አነባለሁ። በሩን ከውስጥ እቆልፋለሁ። ከሁሉ በፊት የራሴን ነው የምፈልገው። በቀኜ ወረቀቱ ስይዝ በግራዬ አፌ እከድናለሁ፤ ሳቄ እንዳይሰማ። ማን እንደጻፈው ሳውቅ ደስ ይለኛል። ኮቴ ስሰማ ትልቁ መዝገብ ላዩ ላይ እዘረጋለሁ።»

ግራ እጄን አየሁት። አፌ ላይ ነበር።

«ስለ እኔ መጥፎ የተጻፈ ካገኘሁ» አለች፣ «አልገለብጠውም። ለይቼ አቃጥለዋለሁ። ሲቃጠል ቆሜ አያለሁ፣ ፊደሉ እስኪጠፋ። ከዚያ ሰው ያጨበጭብልኛል። እኔ ጥሩ ሴት ነኝ ብዬ ቤቴ እሄዳለሁ። ቤቴ ስደርስ ግን የሚያየኝ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ዞሬ ዞሬ አያለሁ፣ ማንም የለም።»

ይህን ሁሉ ስትል አንዴም ወደ እኔ አልዞረችም። ኃላፊውን ነው የምታየው። ያ እሳት ዘንድ ከእኔ በቀር ሰው ኖሮ አያውቅም። ቤቴ በር ላይ ዞሬ ዞሬ እንደማይ ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም። በዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ሴት በእኔ ምትክ ቆማ እኔን እየተናገረች ነበር፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ቃል በቃል እጽፋለሁ። ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በተናጋሪው አንደበት ስለሆነ «እኔ» ብዬ ነበር የምጽፈው። እኔ የሰው ወረቀት አነባለሁ። እኔ አቃጥለዋለሁ።

«ሂሱን ውጣለች» አሉ ኃላፊያችን፣ ደስ ብሏቸው፤ መገልበጥ የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ፍርዱ መጣ፤ ከሶዶ ርቃ፣ ሆስፒታል ወደሌለበት ወደ ቤሌ ትዛወር።

ያኔ ነው ፊቷ የተለወጠው። «እናቴስ?» አለች። «ሐኪሙ...» ኃላፊያችን የሚቀጥለውን ወረቀት አነሡ። ተነሥቼ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ታይፒስቷ ሶዶ ትቀር ነበር፤ እናቷም እግሯን እያስጠረገች ትቀጥል ነበር። ያችን አንድ ቃል አውቃት ነበር። አልተነሣሁም።

በሳምንቱ ኃላፊያችን ጠሩኝ። «ግለ ሂሱን አላስፈረምሻትም እኮ! ያለ ፊርማ ዝውውሩ አይጸድቅም፣ ጉዳዩ እንደገና ስብሰባ ይመለሳል። ዛሬ ትሄዳለች፣ ሩጪና መናኸሪያ ድረሺባት።» እንደገና ስብሰባ የሚለውን ስሰማ ጋሪ ለመጠበቅ እንኳ አልቻልኩም፤ በእግሬ ሮጥኩ።

መናኸሪያው በጉም ተሞልቷል። ረዳቶቹ «ቤሌ! ቤሌ!» ሲሉ ይሰማል፣ መኪናው ግን አይታይም፤ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። አሮጌው ቅጥቅጥ ውስጥ እናቷ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች፤ የታሰረ እግሯን ከረጢት ላይ ዘርግታዋለች። የልጇ ጓደኛ ሆኜ ልሸኛቸው የመጣሁ መስሏት ደስ አላት፤ በወላይትኛ መረቀችኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ታይፒስቷ ከመኪናው ወረደች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት። ሌላ ነገር ልላት ነበር የመጣሁት፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ይሄ ነው። «በየት በኩል ታይኝ ነበር?»

«አንቺን?» አለች፣ ገርሟት። «አንቺን አላየሁም። እኔ ቦምቤ መዝገብ ቤት ነበርኩ፣ ዘጠኝ ዓመት። እዚያም ሣጥን ነበረ፣ እኔ ነበርኩ የምገለብጠው። አንድ ሰው በእኔ ምክንያት ከሥራ ወጣ። ያ ሰው ከወጣ በኋላ ነው ጣቴ እንዲህ የሆነው። እዚህ ወረቀት ሲቀደድ ስሰማ ጣቴ ይቆማል፤ በቃ፣ እምቢ ይላል። አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት የራሴ ነው።»

«ታዲያ ፈርሚልኝ» አልኳት። ይህን ከማለቴ በላይ የማፍርበት ነገር የለም።

ወረቀቱን በቀስታ አጥፋ እጄ ላይ መለሰችው። «እኔ የተናገርኩት የቦምቤውን ነው። ይሄ ወረቀት የሶዶ ነው፤ ጽሑፉም ያንቺ ነው። የሶዶውን የሠራ ሰው ይፈርም።» ክፋት አልነበረባትም፤ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነው የነገረችኝ። «አትፍሪ» አለችኝና ገባች። መኪናው ተነሥቶ ጉሙ ውጦት ሲሄድ የሞተሩ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰማኝ ነበር።

የመናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። በእኔ እጅ የተጻፈ፣ «እኔ» እያለ የሚናገር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ውሸት የሌለው ወረቀት። እያለቀስኩ ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ስም አስተካክዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ቀለል አለኝ። ይህን ወስጄ ለኃላፊው እሰጣለሁ፣ ነገ እሷ ትመለሳለች ብዬ ነበር የተነሣሁት። ይህን በእውነት አስቤ ነበር።

ኃላፊያችን ቢሯቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ተፈረመ?» አሉ።

ወረቀቱ እንደታጠፈ እጄ ላይ ነበር። እጃቸውን ቢዘረጉ እሰጣቸው ነበር። አልዘረጉም።

«ተፈርሟል» አልኩ።

«ጎሽ። በይ ፋይሏ ውስጥ አስቀምጪው።»

አስቀመጥኩት። ዝውውሩ ጸደቀ። የእናቷ እግር ከጥቂት ወራት በኋላ መቆረጡን ከቤሌ ለስብሰባ ከመጣ ሰው ሰማሁ። እኔ በዚያ ቢሮ ስምንት ዓመት ተጨማሪ ሠራሁ፤ በየግምገማው ተጨበጨበልኝ። ጥፋቴን ያመንኩበት ወረቀት፣ ስሜና ፊርማዬ ከሥሩ ያለበት፣ ከወንበሬ ሁለት ክንድ በማይርቅ መደርደሪያ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበር። ያገኙት ይሆን ብዬ አንድም ቀን አልሰጋሁም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ የሰው ፋይል ከፍቶ የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።